ጎረቤት ካውንስሎች የውጭ ጠበቃ በጋራ የሚቀጥሩት እንዴት ነው? የእንግሊዝ አሠራር ደረጃ በደረጃ

እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው ካውንስሉን፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደሩን፣ የሚያውቀው በቆሻሻ መኪናው፣ በቤት ጉዳይና በየወሩ በሚከፍለው ካውንስል ታክስ ነው። የሕግ ሥራውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ግን ልጅ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ከወላጅ ሲወሰድ ፍርድ ቤት የሚቆመው ካውንስሉ ነው። ተከራይ «ቤቴ ሻግቷል፣ አልጠገናችሁልኝም» ብሎ ሲከስ መልስ የሚሰጠውም እሱ ነው። መሬት ሲሸጥ፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድ ሲነጠቅ፣ ሠራተኛ ተሰናብቶ ሲከራከር፣ በሁሉም ጠበቃ አለበት።

ካውንስሎች የራሳቸው የሕግ ክፍል አላቸው። ሁሉንም ግን አይችሉም፤ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ካውንስል ብቻውን፣ ያውም ቀነ ቀጠሮ ደርሶበት ጠበቃ ሲፈልግ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ጠበቃው ነው። ለዚህ ነው ጎረቤታሞች ሰብሰብ ብለው አንድ ጨረታ የሚያወጡት። በምሥራቅ ሚድላንድስ ኢኤም ሎውሼር የሚባል የዚህ ዓይነት ኅብረት አለ፤ ለንደንም ውስጥ የቦሮዎች (የከተማዋ ክፍለ ከተሞች) የሕግ ኅብረት አለ። አገር ቤት የመንግሥት ግዢ ክፍል የሠራ ሰው ነገሩን በማዕቀፍ ግዢ ስም ያውቀዋል፦ አቅራቢውና ዋጋው አስቀድሞ በውል ይወሰናል፣ ሥራው ባስፈለገ ጊዜ ይታዘዛል። እዚያ ወረቀትና ቶነር ነው፣ እዚህ የጠበቃ ሰዓት።

ካውንስል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ታክሳችሁ የት እንደሚገባ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ የራስን ሒሳብ ማየት

ያለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት የጠበቃ ክፍያዎች ይሰበሰቡ። ጠቅላላ ድምሩ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም። በሥራ ዓይነት ይከፋፈል፦ የሕፃናት ጉዳይ፣ የቤት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሥራ ክርክር፣ የንብረት ሽያጭ። ከዚያ ጠበቃውን ማን እንደጠራው ይታይ። ብዙ ጊዜ ጉድ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የሕግ ክፍሉ ሳያውቅ የቤቶች ክፍል ሥራ አስኪያጅ በቀጥታ ስልክ አንስቶ ያዘዘው ሥራ ይገኛል።

2. ማንን ማስገባት፣ ማንን መሪ ማድረግ

ጉርብትና ብቻውን አይበቃም። የሥራው ዓይነትም መመሳሰል አለበት። ገጠር ያለ ትንሽ ካውንስልና ብዙ ሺህ ቤት የሚያከራይ የከተማ ካውንስል የሚፈልጉት ጠበቃ ይለያያል።

አንዱ መሪ ካውንስል ይሆናል፤ ጨረታውን በስሙ ያወጣል፣ ሰነዱን ይይዛል። ሌሎቹ የወጪ ድርሻቸውን ይከፍላሉ። ይህ በጽሑፍ ይፈረም። ማን ስንት ይከፍላል? አዲስ አባል መግባት ይችላል? አንዱ ልውጣ ቢል እጁ ላይ ያሉት ፋይሎች ምን ይሆናሉ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሁሉም ይዘሉታል፣ በኋላም የሚያጣላው እሱ ነው።

የጥቅም ግጭትም ከወዲሁ ይታሰብበት። ካውንስሎች ሁልጊዜ ወዳጆች አይደሉም። ከሆስፒታል የወጣ የአእምሮ ታማሚ እንክብካቤ ወጪው የዉስተርሻየር ነው ወይስ የስዊንደን የሚለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እንዲህ ዓይነት ጠብ በአንድ ኅብረት አባላት መካከል ቢነሳ አንድ የጠበቃ ድርጅት ለሁለቱም ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ለአንድ የሥራ ዓይነት አንድ ድርጅት ብቻ መምረጥ አያዋጣም። ሦስት አራት ይሁኑ።

3. ሕጉ ምን ይላል?

የ2023ቱ የግዢ አዋጅ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከየካቲት 24 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። የሕግ አገልግሎት በዚህ አዋጅ ቀለል ያለ ሥርዓት ከተሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ሲሆን፣ ለካውንስሎች ሥርዓቱ የሚጀምርበት የውል ዋጋ ጣሪያ ተ.እ.ታን ጨምሮ 663,540 ፓውንድ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማስታወቂያው ፋይንድ ኤ ቴንደር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። በፍርድ ቤት ለመከራከር፣ ወይም ክስ መምጣቱ ሲታወቅ ለመዘጋጀት የሚቀጠር ጠበቃ ግን ከአዋጁ ውጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የማዕቀፍ ዋጋ የሚሰላው የሁሉም አባላት የሁሉም ዓመታት ግዢ ተደምሮ ነው። ለየብቻ ከጣሪያው በታች የነበሩ አምስት ካውንስሎች ሲደመሩ በቀላሉ ያልፉታል። ከጣሪያው ለማምለጥ ብሎ ሥራውን መሸንሸን ደግሞ ክልክል ነው።

4. ጨረታውን በሎት (በምድብ በምድብ) መከፋፈል

ሁሉንም በአንድ ሎት ካደረጋችሁት የሚያሸንፉት ትልልቆቹ የከተማ ድርጅቶች ብቻ ናቸው። የቤት ክርክር ላይ ጎበዝ የሆነች የአካባቢው ትንሽ ቢሮ ከደጅ ትቀራለች። በሥራ ዓይነት ይከፈል። ፍርድ ቤት ቆመው ለሚከራከሩት ባሪስተሮችም የራሳቸው ዝርዝር ቢኖር ይሻላል፤ አሠራራቸው ጉዳዩን ከሥር ይዘው ከሚያዘጋጁት ጠበቆች፣ ከሶሊሲተር ቢሮዎች፣ ይለያል።

5. ዋጋ

የእኔን አቋም ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው የሚደራደረው በሰዓት ዋጋ ነው። ገንዘቡ የሚፈስሰው ግን በሰዓቱ ብዛት ነው።

የእንግሊዝ ጠበቆች ጊዜያቸውን የሚቆጥሩት በስድስት ስድስት ደቂቃ ነው። በሰዓት 200 ፓውንድ የሚያስከፍል ጠበቃ አንድ ቁራጭ ጊዜው 20 ፓውንድ ይሆናል። ሁለት መስመር ኢሜይል ላካችሁለት፣ አንብቦ «ደርሶኛል» አለ፣ 20 ፓውንድ። በአንድ ጉዳይ ላይ ሦስት የካውንስል ሠራተኞች ለየራሳቸው ሲጽፉለት አስቡት። በድርድር 10 ፓውንድ ከሰዓቱ ላይ አስቀንሳችሁ በደብዳቤ ብዛት ትመልሱለታላችሁ።

ስለዚህ ተጫራቾች የሰዓት ተመን ብቻ አይጠየቁ። የናሙና ጉዳይ ይሰጣቸው፦ ለምሳሌ አንድ ተከራይ በሻጋታ ምክንያት የከሰሰበት ፋይል። ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማን ይሠራዋል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ተመኑ ርካሽ የሆነው ድርጅት 40 ሰዓት ሲጽፍ ውድ የሚመስለው 22 ሰዓት ሊጽፍ ይችላል። ተደጋግመው ለሚመጡ ሥራዎች ቁርጥ ዋጋ ጠይቁ። ነፃ ሥልጠናና አጭር የስልክ ምክር ከጨመሩ ጥሩ፤ ግን ነጥብ የምትሰጡበት ከሆነ በኋላ መጠቀማችሁን ተከታተሉ። ብዙ ካውንስል ነጥቡን ሰጥቶ ሥልጠናውን ሳይወስድ ይቀራል።

6. ግምገማ

ቴክኒክና ዋጋ ለየብቻ ይገመገማሉ። መመዘኛውና የነጥብ ክፍፍሉ ጨረታው ሲወጣ ይፋ ይደረጋል፣ በኋላ አይነካም። ከየካውንስሉ ገምጋሚ ይኑር፤ መሪው ብቻውን ከመረጠ ሌሎቹ «የእናንተ ጠበቆች» እያሉ አይጠቀሙበትም። ለተሸናፊዎች ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽላቸው። ጠበቆች ናቸው፣ ቅሬታ መጻፍ አይከብዳቸውም።

7. ሥራ ማዘዝ

ማዕቀፉ ከተፈረመ በኋላ ዋናው ነገር በሩ አንድ መሆኑ ነው። የውጭ ጠበቃ የሚጠራው በሕግ ክፍሉ በኩል ብቻ ይሁን። ትዕዛዙ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ መልሱ መቼ ይፈለጋል፣ የወጪ ጣሪያው ስንት ነው፣ ከካውንስሉ ወገን የሚያናግረው ማን ነው። «እስቲ ይህን ጉዳይ ተመልከቱልን» ተብሎ የተላከ ሥራ ማለቂያ የለውም። ጠበቃው ከጣሪያው ሊያልፍ ሲል አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት፤ ካላስፈቀደ አይከፈለውም የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ።

በየሩብ ዓመቱ መሪው ካውንስል ሪፖርት ይሰብስብ። የአንድ ዓይነት ሥራ ደጋግሞ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ለሁለት ለሦስት ካውንስል የሚሆን አንድ ጠበቃ በጋራ መቅጠር ሊረክስ ይችላል። በደቡብ ለንደን ሜርተን፣ ኪንግስተን፣ ሪችመንድ፣ ሰተንና ዋንድስዎርዝ ከዚህም አልፈው አንድ የጋራ የሕግ ክፍል አቋቁመዋል።

8. ነዋሪ ብቻ ከሆናችሁ

የእንግሊዝ ካውንስሎች ከ500 ፓውንድ በላይ የሆነ ወጪያቸውን በየሩብ ዓመቱ ድረ ገጻቸው ላይ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ሰንጠረዡን አውርዳችሁ የጠበቃ ድርጅቶችን ስም ፈልጉ። ዝርዝሩ ካልገባችሁ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት በኢሜይል ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ለውጭ ጠበቃ ስንት ከፈላችሁ፣ ስንቱ በማዕቀፍ፣ ስንቱ ከማዕቀፍ ውጭ? መልስ ለመስጠት ያላቸው ጊዜ 20 የሥራ ቀን ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ እንዳትረሱት።