ዓይነ ስውራን ሕፃናት ሙዚየምን በመዳሰስ እንዲጎበኙ ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ሥራ ለመዳሰስ የሚፈቀዱትን ቅርሶች መምረጥ ሲሆን፣ ይህም የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ሳይማከር ሊወሰን አይገባም። ጠንካራ ድንጋይና በደንብ የተቃጠለ ሸክላ፣ እጅ ታጥቦ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ከወለቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ንክኪን ይችላሉ፤ ጨርቅ፣ ብራናና ቀለም የተቀባ እንጨት ግን በቅጂ መተካት አለባቸው። ቅጂው ከዋናው ካነሰ፣ ልጁ የዋናውን ትክክለኛ ቁመት በክንዱ ወይም በተዘረጋ ገመድ እንዲለካ ይደረግ፤ አለበለዚያ የዝሆን ምስል ድመት የሚያክል እንስሳ ሆኖ በአእምሮው ሊቀር ይችላል።

በአንድ ጉብኝት ሦስት ወይም አራት ዕቃዎች ይበቃሉ። እጅ ከዓይን በተለየ ሁኔታ ሙሉውን ቅርጽ በአንዴ ስለማይይዝ፣ ልጁ በመጀመሪያ በሁለት እጁ ዙሪያውን እንዲያዳርስ፣ ከዚያም ወደ ዝርዝሩ እንዲገባ ጊዜ ይሰጠው። አስጎብኚው የልጁን እጅ ይዞ መጎተት የለበትም፤ እርዳታ ካስፈለገ አስፈቅዶ የራሱን እጅ ከልጁ እጅ ሥር ያድርግ፤ ልጁም በፈለገ ጊዜ እጁን ማንሳት ይችላል። ማብራሪያው አጭር ይሁን፤ ያለማቋረጥ የሚናገር አስጎብኚ ዳሰሳውን ያደናቅፋል።

ዕቃው በማይንቀሳቀስና ለልጅ ቁመት በሚመች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። መግለጫው በብሬል ብቻ ሳይሆን በትልልቅና ደማቅ ፊደላትም ይዘጋጅ፤ ማየት ከተሳናቸው ልጆች ብዙዎቹ በከፊል ያያሉና።