የማእድ ቤት ጭስ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ጭስ በደንብ ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ጣሪያ ከመቅደዳችሁ በፊት እሳቱን ተመልከቱ።

እንጨቱ ይንጣጣል፣ ጫፉ ላይ አረፋ ያወጣል
እርጥብ ነው። አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቅና ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይቀጣጠል ያመልጣል። ከእጅ አንጓ ሳይወፍር ፍለጡት፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ዝናብ በማይነካው ነፋሻ ቦታ ቢያንስ 6 ወር አቆዩት። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ግን ይጨሳል
አየር አጥሯል። አመዱን ጥረጉ። የምድጃው አፍ ውስጥ ብረት አጋድሙና እንጨቱን ከላዩ አስቀምጡ፤ አየሩ ከስር ይግባ። ጫፉ ሲነድ ብቻ ገፋ አድርጉት።

የድስቱ ቂጥ ቶሎ ይጠቁራል
ነበልባሉ ነዶ ሳይጨርስ ቀዝቃዛ ብረት ነክቶ ይጠፋል። ድስቱን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ጭስ ማውጫ እያለ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል
መቼ እንደሚመለስ ለዩ።
ሲለኮስ ብቻ ከሆነ ቧንቧው ቀዝቅዟል፤ ከስሩ አንድ እፍኝ ደረቅ ሳር አንድዱ።
ከቀን ወደ ቀን ከባሰ ጥቀርሻ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ጥቀርሻ ሲይዝ ከመተላለፊያው ከሲሶ በላይ ያጣል፤ ጥቀርሻው ራሱም ይቀጣጠላል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ በየወሩ ጥረጉት።
ነፋስ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ቧንቧው አጥሯል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ።
ሁልጊዜ ከሆነ መገጣጠሚያውን ፈትሹ፦ የሚጨስ ጭራሮ አስጠጉ፤ ጭሱን ወደ ውስጥ የሚስበው ስንጥቅ የቧንቧውን ጉልበት እየወሰደ ነው፣ በጭቃ ምረጉት። የሳር ክዳንን ግን በጋለ ቧንቧ አትብሱ።

ጭስ የለም፣ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል
ከሁሉ የሚያስፈራን ይህ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። አንድ ሰው እንኳ ካመመው አብረው ያሉትን ሰዎች ሁሉ ወዲያው ወደ ውጭ አውጧቸው፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ጋዙን ያወጣልና ምድጃው ሰው ከሚተኛበት ክፍል ውጭ ይደር።