ሊነክስ ላይ ሃርድ ሊንክና ሲምቦሊክ ሊንክ አሠራር

ሊነክስ ላይ የፋይል ስምና ፋይሉ ራሱ አንድ አይደሉም። ዳታው የት እንዳለ፣ መጠኑና ባለቤቱ የሚመዘገበው አይኖድ የሚባል ቁጥር ያለው መዝገብ ላይ ነው። ስሙ ወደዚያ ቁጥር ይጠቁማል፣ በቃ።

ይህን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ። «ኤልኤን» (ln) ብላችሁ ያለውን ፋይል ስም፣ ቀጥሎ አዲሱን ስም ጻፉ። ሃርድ ሊንክ፣ ማለትም ለዚያው አይኖድ ሌላ ስም ሠራችሁ። ኮፒ አይደለም፤ የዳታውን ቦታ ሁለት ጊዜ አይበላም፣ የመጀመሪያውን ስም ብታጠፉት እንኳ ሌላው ስም እስካለ ድረስ ዳታው የትም አይሄድም። «ኤልኤስ ሰረዝ ኤልአይ» (ls -li) በሉና እዩት፦ ሁለቱም ስሞች ፊት ያው የአይኖድ ቁጥር ይወጣል፣ ከፈቃዶቹ ቀጥሎ ደግሞ የስሞቹን ብዛት፣ 2 ታያላችሁ።

ግን ሃርድ ሊንክ ለፎልደር አይሆንም፣ ወደ ሌላ ፓርቲሽንም (የዲስክ ክፋይ) አይሻገርም። ያኔ ሲምቦሊክ ሊንክ የሚሠራው «ኤልኤን ሰረዝ ኤስ» (ln -s) ነው። ሲምቦሊክ ሊንክ የሚይዘው አድራሻ ብቻ ስለሆነ ዋናውን ካዛወራችሁት ይበጠሳል። ለዕለት ሥራ እኔ ይሄን ነው የምመርጠው፤ ወዴት እንደሚጠቁም በግልጽ ይታያል። ስትሠሩት ግን ሙሉ አድራሻ ስጡት። አጭሩ አድራሻ የሚቆጠረው ሊንኩ ካለበት ፎልደር ነው እንጂ እናንተ ካላችሁበት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ጋ ነው።