አንድን ሙሉ ቁጥር ወደ ተባዦች የመበተን መንገዶች እንዴት ይቆጠራሉ?

12ን በማባዛት ለማግኘት 2 × 6፣ 3 × 4 ወይም 2 × 2 × 3 ማለት ይቻላል። 12 ራሱን ብቻውን ስንጨምር አራት መንገድ ይሆናል። 1ን ተባዥ አናደርገውም፤ የፈለግነውን ያህል ልንደጋግመው ስለምንችል ቆጠራው ማብቂያ ያጣል። ቅደም ተከተልም አይቆጠርም፤ 2 × 6 እና 6 × 2 አንድ ናቸው።

ቁጥሩ ከፍ ሲል ግን አንዱን መዝለል ወይም ሁለቴ መቁጠር ቀላል ነው። 36ን 4 × 9 ብለን 4ን ብንበትን 2 × 2 × 9 ይወጣል፤ 2 × 18 ብለን 18ን ብንበትንም ያው 2 × 2 × 9 ይመጣል። ይህን የሚያስቀር አንድ ደንብ አለ፦ ተባዦቹን ሁልጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ ጻፉ፤ ቀጣዩ ከቀደመው ማነስ የለበትም። እያንዳንዱ አበታተን በዚህ ደንብ የሚጻፈው በአንድ መልክ ብቻ ነው፤ የቆጠራው ጉልበት ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

1. መነሻ፣ ማለትም የመጀመሪያ ተባዥ፣ የሚሆኑትን የ36 አካፋዮች ለዩ። መነሻው በራሱ ሲባዛ ከ36 መብለጥ ስለሌለበት 2፣ 3፣ 4 እና 6 ብቻ ይቀራሉ።

2. በእያንዳንዱ መነሻ አካፍሉና የቀረውን ከመነሻው በማያንሱ ተባዦች በትኑ።

በ2 ስንጀምር 18 ይቀራል፤ 18 ደግሞ 18፣ 2 × 9፣ 3 × 6 እና 2 × 3 × 3 ይሆናል፤ አራት።
በ3 ስንጀምር 12 ይቀራል። ከዚህ በኋላ 2 ስለማይፈቀድ 12 እና 3 × 4 ብቻ ናቸው፤ ሁለት።
በ4 ስንጀምር 9 ይቀራል፤ አንድ።
በ6 ስንጀምር 6 ይቀራል፤ አንድ።

3. 36 ራሱን ጨምሩና ደምሩ፦ 4 + 2 + 1 + 1 + 1 = 9።

ቅደም ተከተል ይቆጠር ከተባለ እነዚህኑ ዘጠኙን ወስዶ እያንዳንዱ በስንት መልክ እንደሚደረደር ማየት ነው። 2 × 3 × 6 ስድስት መልክ አለው፣ 6 × 6 ግን አንድ ብቻ፤ ድምሩ 26 ይደርሳል።

ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመርም አያስፈልግም። መልሱን የሚወስነው ብቸኛ ቁጥሮቹ (እንደ 2፣ 3 እና 5 ያሉ፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ስንት ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ እንጂ የትኞቹ መሆናቸው አይደለም። 36 ሁለት 2 እና ሁለት 3 አለው፤ 100 ሁለት 2 እና ሁለት 5፤ 225 ሁለት 3 እና ሁለት 5። ሦስቱም መልሳቸው 9 ነው።

አንድ ብቸኛ ቁጥር ብቻ ሲደጋገም ጥያቄው ወደ መደመር ይለወጣል። 32 አምስት 2 ስላለው 5ን በመደመር የመክፈል መንገዶችን መቁጠር ይበቃል፤ 3 + 2 የሚለው 8 × 4ን ይወክላል። መልሱ 7 ነው። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ ጥያቄው የተለያዩ ነገሮችን በቡድን የመክፈል ጉዳይ ይሆናል፦ ለ30 (2 × 3 × 5) 5 መንገድ፣ ለ210 (2 × 3 × 5 × 7) 15 መንገድ።

ደንቡን በሚገባ መያዛችሁን ለማየት 72ን ሞክሩ፤ 16 መምጣት አለበት። 15 ከመጣ መጀመሪያ የምትፈትሹት 72 ራሱን መቁጠራችሁን ነው።