ቆዳው ሲያስቸግር፦ ከለምድ እስከ አገልግል

የበዓል ማግስት ስልኬ አያርፍም። ፎቶ ይላክልኛል። አንዱ ጠጉሩ በየቦታው የተመለጠ የበግ ቆዳ ያሳየኛል። ሌላዋ እንደ ጣውላ የደረቀ የፍየል ቆዳ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ታነሳለች። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «አሁን ምን ላድርግ?»

እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው። «በጉ ስንት ሰዓት ታረደ? ጨውስ ስንት ሰዓት ነካው?» ቆዳ ላይ ችግሩ የሚታይበት ቀንና የተፈጠረበት ቀን አይገናኙም። ዛሬ የሚረግፈው ጠጉር ሥሩ የላላው የዛሬ ሳምንት ነው። ዘንድሮ የተሰነጠቀው አገልግል የተበላሸው አምና ቆዳው ሲለፋ ነው። ስለዚህ ከምታዩት ምልክት ተነስተን ወደኋላ እንሄዳለን።

የማወራው ቤት ውስጥ በእጅ ስለሚለፋ ቆዳ ነው። ከነጠጉሩ የሚለበሰው ለምድና ደበሎ አለ። ጠጉሩ ተነስቶ አገልግል የሚለበጥበት፣ ስልቻና የመጽሐፍ ማኅደር የሚሆነውም አለ። የፋብሪካ ቆዳ ሌላ ዓለም ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። ታሞ ወይም ድንገት ሞቶ የተገኘ እንስሳ ቆዳው አይገፈፍም። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የበሽታው ዘር ቆዳና ጠጉር ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ ጨው አይገድለውም። በእጅ ጭረት ይገባል፤ በትንፋሽም ይገባል። ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፣ ቆዳውም ይቅር።

ጠጉሩ በእፍኝ ይነቀላል

በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው። በመጀመሪያ ሆዱን፣ ብብቱንና የጭኑን ውስጥ ተመልከቱ። ጥቂት ጠጉር በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጤነኛ ቆዳ ጠጉሩን አይለቅም። የተበላሸው ግን ምንም ሳይታገል፣ ሥሩ እርጥብ እንደሆነ ይወጣል። ጣታችሁን ብታሸቱት ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው።

ምክንያቱ መበስበስ ነው። ገና የተገፈፈ ቆዳ ሞቃት ነው። ታጥፎ ጥግ ሲጣል ወይም ማዳበሪያ ውስጥ ሲከተት ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ባክቴሪያውም የጠጉሩን ሥር ይበላል። የበዓል ቀን ቤቱን ታውቁታላችሁ። በጉ ጠዋት ይታረዳል፣ ሥጋው ይበለታል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። ቆዳው የሚታወሰው ማታ ነው። ያኔ ጨው ቢነሰነስበትም ሥሩ ላልቷል።

መፍትሄው የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰዓታት ውስጥ ነው ያለው። ቆዳው እንደወጣ የሥጋውን ወገን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ዘርጉት። ደሙንና የተንጠለጠለውን ሥጋ አንሱ። ሲቀዘቅዝ ጨው አልብሱት። መነስነስ አላልኩም፤ አልብሱት ነው ያልኩት። 2 ኪሎ ለሚመዝን እርጥብ ቆዳ እስከ 1 ኪሎ ጨው ይሄዳል። የደቀቀ ጨው ይሻላል። ድፍኑ ጨው ቶሎ አይሟሟም፣ በመሃል ያልተነካ ቦታ ይተዋል። ጠርዙን፣ አንገቱንና እግሩን አትርሱ፤ መበስበስ ከዚያ ይጀምራል። ዘንበል ያለ ቦታ ላይ ቢሆን ውሃው ወርዶ ያልቃል። በማግስቱ የረጠበውን ጨው አራግፋችሁ በአዲስ ጨው ድገሙት።

አንዴ የላላ ጠጉር አይመለስም። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ከሆነ ያንን ቆርጣችሁ ጣፉት። ከዚያ ካለፈ ለምድ የመሆኑን ነገር ተዉት። ጠጉሩን ጨርሳችሁ አንሱና ወደ አገልግል ልባጥ ወይም ወደ ስልቻ ማሰሪያ ውሰዱት። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት የሙክት ቆዳ እንዲህ ነበር የሆነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማዳን ታገልኩ፣ አልዳነም።

ይሄን ክፍል ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቆዳ ዋጋ ወድቆ በዓል ባለፈ ቁጥር የበግ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ እናያለን። «የበግ ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞረውም ሰው ብዙ ቦታ ጠፍቷል። ያ ሁሉ ቆዳ ለምድ መሆን ይችል ነበር። ከመበስበስ ለመዳን የሚያንሰው አንድ ኪሎ ጨውና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

እንደ ጣውላ ደረቀ

በጣታችሁ ስታንኳኩት ይጮኻል። ስታጥፉት ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ቅባት ያነሰው ይመስለውና ቅቤ ይደፋበታል። ቅባቱ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ቆዳው እንደደረቀ ይኖራል፣ በወሩ ደግሞ መሽተት ይጀምራል።

ምክንያቱን ለማወቅ ቆዳ ምን እንደሆነ ማሰብ ይበቃል። በጣም የቀጠኑ ክሮች እርስ በእርስ ተጠላልፈው ነው የተሠራው። ውሃው ሲወጣ ክሮቹ ይጣበቃሉ። ማልፋት ማለት ከመጣበቃቸው በፊት ማለያየት ነው። ስለዚህ ቆዳ የሚለፋው እየደረቀ እያለ ነው። ከደረቀ በኋላ መጎተት ክሮቹን መስበር ይሆናል።

ወደኋላ እንሂድ። መጀመሪያ የሥጋውን ወገን በጥፍራችሁ ፈትጉት። ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ካለ በደንብ አልተፋቀም። ያ ሽፋን ቅባትም ውሃም አያስገባም። እንደገና አርጥባችሁ ፋቁት። መፋቂያችሁ ጫፉ ክብ ይሁን፣ ሹል ቢላ ቆዳውን ይበሳዋል። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። መሣሪያቸው ከእንጨት እጀታ ጋር የተያያዘ የድንጋይ ምላጭ ነው፤ ጫፉ ክብ ነው፣ በየጊዜው እየተጠረበ ይሳላል። የዓለም አርኪዮሎጂስቶች የጥንቱን የድንጋይ መሣሪያ ለመረዳት እነዚህን ሴቶች ሊያዩ ይመጣሉ። እኛ ግን «ፋቂ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገነው ኖረናል። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል። እጃቸው ላይ ያለው እውቀት ቢጠፋ ከየት እንደምናመጣው አላውቅም።

ሽፋኑ ከተነሳ ቀጥሎ ጊዜው ነው። የረጠበውን ቆዳ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ቀዝቀዝ ካለ ውስጡ ገና ውሃ አለ። አሁን ጎትቱት። የተለጠጠው ቦታ ከግራጫ ወደ ነጭ ሲቀየር ታያላችሁ። ክሮቹ እየተለያዩ ነው። ወፍራም ገመድ ወይም የወንበር ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ሳቡት። ሁለት ሰው ሆኖ ፊት ለፊት መሳብ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ትንሽ አሳርፉት፣ ተመለሱበት። ለአንድ የበግ ቆዳ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጉንጫችሁ ላይ ቅዝቃዜው ሲጠፋ ጨርሳችኋል።

የደረቀውን ለማዳን የሥጋውን ወገን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ርጥበቱ እኩል ገብቶ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ ማልፋቱን እንደ አዲስ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። ሙቅ ውሃ ግን አደራ። ጥሬ ቆዳ 60 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ውሃ ይኮማተራል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይመልሰውም።

ቅባቱ የሚገባው ቆዳው ገና ርጥበት ሳለው ነው። ውሃው ሲወጣ ቅባቱ ቦታውን ይይዛል። ለጋ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት ወይም የተወቀጠ ተልባ፣ በስሱ። ከበዛ ያጣብቃል፣ ይከረፋል። ያን ጊዜ ደረቅ ሰጋቱራ ነስንሳችሁ ሁለት ቀን አቆዩትና አራግፉት።

ለስልሶ ነበር፣ ዝናብ ሲነካው ጥሬ ሆነ

ይሄ ቆዳ ለፍቷል እንጂ አልበሰለም፤ የግራር ልጥ የተፈላበት ውሃ ውስጡ አልዘለቀም ማለት ነው። እንደ መንዝ ባለ ብርድና ጉም በሚበዛበት አገር ለምድ ለብሶ የሚወጣ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ጠርዙን በስለት ትንሽ ቁረጡና ቁርጡን በብርሃን እዩት። የግራር ልጥ ውሃ የገባበት ቆዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ካያችሁ ውሃው አልዘለቀውም። የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ነው። ሰው ቶሎ እንዲያልቅለት ልጡን አጥብቆ ያፈላና ቆዳውን ይነክራል። ወፍራም የልጥ ውሃ ላዩን ቶሎ ያጠነክረዋል፣ ወደ ውስጥ የሚገባበትን በር ይዘጋል። በቀጭኑ ጀምሩ። በየሁለት ሦስት ቀኑ እያወፈራችሁ ሂዱ፣ በየቀኑ አገላብጡት። የፍየል ቆዳ ሳምንታት ይፈልጋል፣ የበሬ ደግሞ ወራት። ከነጠጉሩ ለሚቀር ለምድ የልጡን ውሃ በሥጋው ወገን ብቻ ደጋግማችሁ ቀቡት፤ ካልሆነ ነጩ ጠጉር ይቀለማል።

ጥቁር ነጠብጣብ ከወጣበት ብረት ነክቶታል። በርሜል፣ ምስማር፣ የዛገ ቢላ። የልጡ ውሃና ብረት ሲገናኙ ጥቁር ቀለም ይሆናሉ። ፕላስቲክ ወይም ሸክላ ተጠቀሙ። ቀለል ያለውን ጥቁረት የሎሚ ጭማቂ ያነሳዋል፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

ሁሉም ቆዳ መብሰል አለበት ማለቴ ግን አይደለም። የአልጋ ጠፍርና የከበሮ ቆዳ ጥሬ ናቸው፤ ጥንካሬያቸው ከዚያ ነው የሚመጣው። ከበሮው በክረምት ድምፁ ከወረደ አልተበላሸም፤ ርጥበት ስቦ ነው። ፀሐይ ላይ ትንሽ ሲቆይ ድምፁ ይመለሳል።

ክረምት ሲገባ የሚያልበው

ጨው ውስጡ ቀርቷል። ጨው ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ማልፋት ከመጀመራችሁ በፊት ውሃውን እየቀየራችሁ፣ በምላሳችሁ ጫፍ ስትቀምሱት ጨውነቱ እስኪጠፋ እጠቡት። ያለቀለት ለምድ ከሆነ የሥጋውን ወገን ደጋግሞ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና እንደገና ማልፋት ነው ያለው።

ጠጉሩ ሲነሳ የወጣ ጉብጉብ

እከክ ነው። በጉ በሕይወት እያለ ደም የሚመጥጡ ተባዮችና ቅማል የነከሱት ነው። ከውጭ አይታይም፤ ጠጉሩ ሲነሳ ነው የሚጋለጠው። ማጥፊያ የለውም። በጎቹን ከተባይ ማከም ነው መከላከያው። ጉብጉብ ያለበትን ለማይታይ ቦታ፣ ለገበር ወይም ለማሰሪያ አውሉት። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት፣ የባቲ ፍየል ቆዳ ደግሞ በጥራቱ በዓለም ገበያ ስም አላቸው። ያንን ስም የሚያጠለሸው አንዱ ይሄው ነው።

የቢላ ቀዳዳም እንዲሁ ወደኋላ ይወስደናል፣ ወደ ገፋፊው። ሆድና እግር ከተከፈተ በኋላ ቆዳው በጡጫ እየተገፋ ቢለቅ ቢላ ብዙ አያስፈልግም። የተቀደደውን ከሥጋው ወገን ጣፉት።

ስፌቱ ይቀደዳል

ክሩ አይደለም የተበጠሰው፤ ቆዳው ነው የተቀደደው። ቀዳዳዎቹ ከተቀራረቡ ጠርዙ እንደ ቴምብር ይሆናል፣ ሲሳብ ተከትሎ ይቀደዳል። ከጠርዙ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲሜትር ግቡ። በቀዳዳዎቹም መሃል ያን ያህል ተዉ። በወስፌ ብሱ። ጅማት ካገኛችሁ አርጥባችሁ ስፉበት፤ ሲደርቅ ራሱን ያጠብቃል። የጥጥ ክር ከሆነ ሰም ቀቡት። ብልሆቹ ስልቻ ሠሪዎች ደግሞ ከነጭራሹ ስፌቱን ሸሹት። የፍየሉን ሆድ ሳይሰነጥቁ ቆዳውን እንደ ልብስ ያወልቁታል፣ ከዚያ የሚታሰረው አንገቱና እግሮቹ ብቻ ናቸው።

የአገልግል ክዳን አልገጥም ካለ አካሉና ክዳኑ ለየብቻ ደርቀዋል ማለት ነው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሁለቱ እኩል አይኮማተሩም። መሃላቸው ስስ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። የደረቀውን ከንፈሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሳችሁ እንደገና ግጠሙት።

ብል ገባበት

የተበላ ጠጉርና ከሥር የወደቀ ብናኝ ታያላችሁ። ብል የሚወደው ጨለማ፣ ያልተነካካ ቦታና የቀረ ስብ ነው። ለምዱን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሁለት ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ በሚሠራበት ክፍል አስቀምጡት፤ ትሉ ያልቃል። ማቀዝቀዣ ከሌለ አራግፉት፣ ቦርሹት፣ ፀሐይ ላይ አውሉትና በወይራ ጭስ እጠኑት። ጭሱ ተባይ ያርቃል፣ ቆዳውም ርጥበትን እንዲቋቋም ያግዘዋል። ከዚያ የጥጥ ጨርቅ አልብሳችሁ አየር በሚያገኝበት ስቀሉት። መስከረም ሲጠባ አውርዳችሁ ብብቱንና አንገቱን በጣታችሁ ፈልፍላችሁ እዩት፤ ብል መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው።