ወፍራም ሚልክሼክ አልወፍር ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሚልክሼክን የሚያወፍረው ያልቀለጠ በረዶ ነው። አይስክሬም ውስጥ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች፣ የስብ ጠብታዎችና የአየር አረፋዎች ተሳስረው ይገኛሉ። ብሌንደሩ ይህን ከወተት ጋር ሲያዋህድ በረዶውን ካላቀለጠው ማንኪያ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ሼክ ይወጣል፤ ካቀለጠው የሚቀረው ጣፋጭ ቀዝቃዛ ወተት ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ብሌንደሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ፈሳሹ ሲለካና ዕቃው ሲዘጋጅ ነው።

ችግሩን ለመለየት መነሻ መጠን ያስፈልጋል። ለሁለት መካከለኛ ብርጭቆ 400 ግራም የቫኒላ አይስክሬም፣ 100 ሚሊ ሊትር ስቡ ያልተነሳለት ወተት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ እና ቁንጥር ጨው ያዘጋጁ። በክብደት አራት እጅ አይስክሬም ለአንድ እጅ ወተት ማለት ነው። አይስክሬሙ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ወጥቶ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ ማንኪያ ገፋ ሲያደርጉት የሚገባበት፣ ዳር ዳሩ ግን መፍሰስ ያልጀመረ መሆን አለበት። ወተቱ በቀጥታ ከፍሪጅ ይምጣ። ብርጭቆዎቹንና የብሌንደሩን ጆግ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩ። የቀዘቀዘ የመስታወት ጆግ ውስጥ ግን ትኩስ ነገር በፍጹም አይጨምሩ፣ ይሰነጠቃል። ወተቱ ከሥር፣ አይስክሬሙ ከላይ ሆኖ በዝቅተኛ ፍጥነት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መምታት ይበቃል።

ሼኩ ቀጥኖ እንደ ወተት ይፈሳል

ከሁሉም የሚበዛው ችግር ይህ ነው፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ የወተቱን መጠን ይጠርጥሩ። በግምት የሚቀዳ ወተት በቀላሉ እጥፍ ይሆናል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር ወደ 200 ሲያልፍ ሼኩ ሌላ መጠጥ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከፍሪጅ ውጭ የቆየ ወተት ወይም ታጥቦ ሙቅ እንደሆነ የገባ ጆግ በረዶውን ወዲያው ያቀልጠዋል። ሦስተኛው የጊዜ ርዝመት ነው፤ የሚሽከረከር ምላጭ በሰበቃ ሙቀት ስለሚፈጥር አንድ ደቂቃ ሙሉ የተመታ ሼክ ልኩ ትክክል ቢሆንም ይቀጥናል።

አራተኛውን መንስኤ ግን ብዙ ሰው አያየውም፤ እርሱም አይስክሬሙ ራሱ ነው። አንዳንዱ አይስክሬም ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ አየር ነው። ማሸጊያው ላይ ሊትሩንና ክብደቱን ያስተያዩ። አንድ ሊትሩ 500 ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝን ከሆነ በጣም የተነፋ ነው፤ 800 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ጠጣር ነው። በጭልፋ ቆጥረው ሲሠሩ ከተነፋው ያገኙት ግማሽ ያህል አይስክሬም ስለሆነ የወተቱ መጠን ሳይታወቅ በዝቷል። በሚዛን መሥራት ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል።

አስቀድሞ የቀጠነውን ለማዳን ጆጉን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስገቡና በየ10 ደቂቃው ዳር ዳሩን በማንኪያ እያነሱ ያማስሉ። መቸኮል ካለ ከ100 እስከ 150 ግራም ጠንካራ አይስክሬም ይጨምሩና ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ተጭነው ይልቀቁ፤ ያለማቋረጥ አያዙሩ። አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወተት ዱቄትም ያወፍራል፤ ጣዕሙንም ያጠነክረዋል።

የበረዶ ኩብ አይጨምሩ። በረዶ ውሃ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ያወፍርና ሲቀልጥ ሼኩን ከበፊቱ የባሰ ያቀጥነዋል፣ ጣዕሙንም ያጥበዋል።

ዛንታን ገም (ፈሳሽን የሚያወፍር ዱቄት) ካለ በጣም ጥቂቱ ይበቃል። ለ500 ግራም ሼክ ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር በደረቁ ያደባልቁ፣ አይስክሬሙ ከመግባቱ በፊት ከወተቱ ጋር ይምቱት። በደረቁ ሳይደባለቅ ከገባ ይጓጉላል። መጠኑ በእጥፍ ሲያልፍ ደግሞ ሼኩ ክር የሚስብና የሚያንሸራትት ይሆናል፤ ይህ ከቅጥነት የባሰ ነው። የበቆሎ ስታርች በእሳት ካልበሰለ ስለማያወፍር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ምላጩ ይዞራል፣ ሼኩ ግን አይንቀሳቀስም

ድምፁ ድንገት ቀጭንና ፈጣን ከሆነ ምላጩ ዙሪያ የአየር ኪስ ተፈጥሯል። አይስክሬሙ ከሥር ሲገባ ወይም ድንጋይ ሆኖ ሲገባ የሚመጣ ነው። ብሌንደሩን ያጥፉ፣ ከሶኬት ይንቀሉ፣ በእንጨት ማንኪያ ወደ ታች ይጫኑትና ቦታውን ያስለውጡት። ካልሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ብቻ ይጨምሩና እንደገና ይሞክሩ። እየዞረ ሳለ ማንኪያ ማስገባት አደጋ ነው።

የሚነድ ነገር ከሸተተ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቷልና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሳርፉት። አቅሙ ትንሽ ለሆነ ብሌንደር የተሻለው መንገድ ከነጭራሹ አለመጠቀም ነው። አይስክሬሙን 10 ደቂቃ አለስልሰው ጥልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በእጅ ሚክሰር ይምቱት። ሚክሰር የሚያማስል እንጂ የሚቆርጥ ስላልሆነ በረዶውን ብዙም አያቀልጠውም፤ ለሼክ ብቻ የተሠሩት ዘንግ ያላቸው ማሽኖች ወፍራም የሚያወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አፍ ውስጥ ይሻክራል

መሻከሩ ሦስት ዓይነት ነው፤ መፍትሄው ስለሚለያይ በምላስ ይለዩት።

ቅንጣቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ወዲያው የሚቀልጥ ከሆነ በረዶ ነው። አይስክሬሙ አንድ ጊዜ ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ ትንንሾቹ ቅንጣቶች ወደ ትልልቅ ይለወጣሉ። ብሌንደር ሙሉ በሙሉ አይመልሳቸውም፤ ለሼክ ያልተበላሸ አይስክሬም ይያዙ፣ ሁልጊዜም በፍሪዘሩ ጥግ እንጂ በበሩ አያስቀምጡ።

ቶሎ የማይቀልጥ፣ እንደ አሸዋ የሚሰማ ከሆነ ያልሟሟ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስኳር ነው። ዱቄቱን ሁልጊዜ አስቀድመው ከወተቱ ጋር ይምቱና 5 ደቂቃ ያቆዩት። የወተት ስኳሩ የተፈጠረው አይስክሬሙ ለረዥም ጊዜ ተቀምጦ ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም።

ላንቃ ላይ የሚቀር ቅባት ያለው ቅንጣት ከሆነ ቅቤ ወጥቷል። የሚገረፍ ክሬም ተጨምሮ ሲበዛ የሚመታ ሼክ የስብ ጠብታዎቹ ተጋጭተው ይያያዛሉ። ክሬም ከተጠቀሙ ከ50 ሚሊ ሊትር አይለፉ፣ በመጨረሻ አስገብተው ከ5 ሰከንድ በላይ አይምቱ።

ከላይ አረፋ፣ ከሥር ቀጭን

ስቡ የተነሳለት ወተት በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ ፕሮቲኑ አየር ይይዛል። ሙሉ ወተት ይጠቀሙ፣ ፍጥነቱን ይቀንሱ። አረፋው ከመጣ በማንኪያ ይግፈፉት፤ ሁለት ደቂቃ ማቆየትም ያረጋጋዋል።

የጣዕም ችግሮች

ቸኮሌት። የኮኮዋ ዱቄት ቀዝቃዛ ወተት ላይ ተንሳፍፎ ይጓጉላል፤ ለመራስ ሙቀት ይፈልጋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ሊጥ እስኪመስል ያማስሉ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያቀዝቅዙ፣ የመነሻውን ወተት ወደ 60 ሚሊ ሊትር ይቀንሱ። የቀለጠ ቸኮሌት በቀጥታ ሲገባ የኮኮዋ ቅቤው ወዲያው ይጠጥርና ቅርፊት ይሆናል። ይህን ካልፈለጉ 60 ግራም ቸኮሌት በ60 ሚሊ ሊትር ትኩስ ወተት ያሟሙት፣ ሲቀዘቅዝ በመነሻው ወተት ምትክ ይጠቀሙበት።

እንጆሪ። ከክብደቱ ዘጠና በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ ጥሬው ሼኩን ያቀጥነዋል፣ ቀለሙንም ገረጣ ያደርገዋል። 250 ግራም እንጆሪ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር በመለስተኛ እሳት ግማሽ እስኪሆን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ያብስሉ። በደንብ እስኪቀዘቅዝ ያቆዩት፤ ለብ ያለ ከገባ የደከሙበት ሁሉ ይቀልጣል። ወተቱ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል።

ሙዝ። ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እስኪወጣ የበሰለውን ልጠው፣ ከትፈው፣ ሳይደራረብ ትሪ ላይ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ያቀዝቅዙ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 100 ግራም ያህል አይስክሬም ይተካል፤ ከሁሉም ፍራፍሬ ይልቅ በራሱ የሚያወፍረው እርሱ ነው። ሼኩ ከጠቆረ ከአየር ጋር የተገናኘው ኢንዛይም ሥራ ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያዘገየዋል።

ማንጎ። ክር ካለው መጀመሪያ ፈጭተው በወንፊት ያጥልሉ፣ ከዚያ ያቀዝቅዙት። ክር የሌለው ተቆራርጦ እንደ ሙዙ መቀዝቀዝ ይችላል።

አናናስ፣ ፓፓያና ኪዊ። ሼኩ ሲሠራ ጥሩ ሆኖ ትንሽ ከቆየ በኋላ የሚመር ከሆነ ጥፋቱ የወተቱ አይደለም። እነዚህ ፍራፍሬዎች ጥሬ ሲሆኑ የወተትን ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ ሲቆራረጥ መራራ ጣዕም ይወጣል፣ ሼኩም ይላላል። ማቀዝቀዝ ኢንዛይሙን አይገድለውም፣ ሙቀት ግን ይገድለዋል። ፍሬውን ለጥቂት ደቂቃ አፍልተው ያቀዝቅዙት፤ በቆርቆሮ የታሸገው በፋብሪካ ስለሞቀ እንዳለ ይሆናል። ጥሬውን ካልተዉ ሠርተው ወዲያው ይጠጡ።

ብርቱካንና ሎሚ። ወተት አሲድ ሲበዛበት ይረጋና ይለያያል። ጭማቂውን ትተው የልጣጩን ቀለማም ክፍል በስሱ ፈግፍገው አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨምሩ፤ ሽታው ያለው እዚያ ነው። ጭማቂ ግድ ከሆነ በመጨረሻ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ሳያልፍ።

ቡና። የተፈላ ቡና በብርጭቆ መጨመር ውሃ መጨመር ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈጣን ቡና በአንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አሟሙተው ያቀዝቅዙ። የተፈላውን ከመረጡ በጣም ወፍራም አድርገው ያፍሉ፣ ካቀዘቀዙት በኋላ ከወተቱ 40 ሚሊ ሊትር ቀንሰው በእርሱ ይተኩ።

የለውዝ ቅቤና ማር። ሁለቱም ሲቀዘቅዙ ይጠጥራሉና አይስክሬሙ ላይ ከፈሰሱ ጉብታ ሆነው ይቀራሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤን መጀመሪያ ከወተቱ ጋር ብቻ ይምቱት። ማሩን በአንድ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ያቅጥኑትና ያቀዝቅዙት።

ብስኩት። ከመጀመሪያው ከገባ ይሟሟና ሼኩን ግራጫ ገንፎ ያደርገዋል። ሼኩ ካለቀ በኋላ አራት ወይም አምስት ብስኩት ሰባብረው ያስገቡ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጭነው ይልቀቁ።

ወፍሯል፣ ግን ጣዕም የለውም

ቅዝቃዜ ጣፋጭነትንም ሽታንም ያደበዝዛል። ስኳር ከመጨመር በፊት ቁንጥር ጨው ይሞክሩ፤ በተለይ ቸኮሌትና ለውዝ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ስኳርና ማር የመቀዝቀዣ ነጥቡን ዝቅ ስለሚያደርጉ ሲበዙ ሼኩን ያላሉታል።

በስትሮ አይወጣም

ይህ ጉድለት ሳይሆን የጊዜ ጉዳይ ነው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጠብቁ ወይም ሰፊ ስትሮ ይጠቀሙ። ወተት ከጨመሩ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ይቁጠሩት።

አይስክሬም የለም

ወተት ብቻውን በትሪ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ በረዶ ይሆናል፤ ስብም ስኳርም ስለሚያንሰው ሲፈጭ ውሃማ ነው። ይልቁን 500 ሚሊ ሊትር ሙሉ ወተት፣ 200 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 100 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም የወተት ዱቄትና ቁንጥር ጨው ሁሉም እስኪሟሟ ድረስ ያሙቁ፤ መፍላት አያስፈልገውም። ፍሪጅ ውስጥ ለ4 ሰዓት ያቀዝቅዙት፣ ከዚያ በበረዶ መሥሪያ ትሪ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ፍሪዘር ያስገቡ። ክሬም ከሌለ 200 ግራም ኮንደንስድ ሚልክ (ውሃው ተቀንሶ የወፈረ ጣፋጭ ወተት) በ500 ሚሊ ሊትር ወተት ይሆናል፤ ያኔ ስኳሩንና ዱቄቱን ይተዉ። ኩቦቹ አየር ስለሌላቸው ከአይስክሬም ይጠነክራሉ፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አስቀምጠው 400 ግራሙን ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር ይምቱ።

ተርፎ ተቀመጠ፣ ድንጋይ ሆነ ወይም ተለያየ

ፍሪዘር ውስጥ የዋለ ሼክ ይጠጥራል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውጭ አቆይተው በአንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት አጭር ጊዜ ይምቱት። ለማስቀመጥ ካሰቡ ሲሠሩት ትንሽ ዛንታን ገም ማስገባቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፍሪጅ ውስጥ ግን ይለያያል፤ ውሃው ከሥር፣ አረፋው ከላይ። በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን እንደገና አያቀዝቅዙ፣ ይድፉት፤ ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም።