እጃችሁ የገባ የፊልም ካሜራና ሌንሶቹ፦ በመጀመሪያው ፊልም እንዴት ትፈትሿቸዋላችሁ?

ባለፈው ክረምት አጎቴ ቁም ሳጥኑን ሲያስተካክል አንድ የቆዳ ማኅደር አውጥቶ ሰጠኝ። «ውሰደው፣ የኔ ዓይን ደክሟል» አለኝ። ውስጡ ዜኒት-ኢ ካሜራ ነበር፤ ሞስኮ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው። ከራሱ ሌንስ ሌላ ሁለት ሌንሶች አብረው ነበሩ። ለሱ የድሮ ዕቃ ነው፤ ለኔ ግን አዲስ ካሜራ ነው።

በዚያው ሳምንት ፊልም ጭኜ የአክስቴን ልጅ መልስ ላነሳ ሄድኩ። 36 ጊዜ ተጫንኩ። ፊልሙ ሲታጠብ ባዶውን ወጣ። ስጭነው ጫፉ ካሜራው ውስጥ ያለው ባዶ ጥቅልል ላይ በደንብ ስላልያዘልኝ ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር። ያ ቀን አይደገምም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት አታድርጉት። ካሜራውንና ሌንሶቹን ለማወቅ ብቻ ይሁን።

ምሳሌዬ ዜኒት-ኢ ነው። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ውስጥ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ የተመረተ ካሜራ ነው። ባትሪ አይፈልግም። የናንተ ፔንታክስ ወይም ኒኮን ቢሆንም መንገዱ ያው ነው።

ፊልም ሳትገዙ

መጀመሪያ ሌንሱን ፍቱት። የዜኒት ሌንስ እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ የሚጠመዘዝ ስለሆነ ወደ ግራ ስታዞሩት ይወጣል። ወደ ብርሃን አንሱትና በውስጡ አሻግራችሁ እዩ። ትንሽ አቧራ ምንም አያመጣም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ይይዛል፤ በክረምት ዘግቶ ለዓመታት ያስቀመጡት ሌንስ በአብዛኛው የሚያገኘው ችግር ይሄ ነው። ከአሁን በኋላ ካሜራውን ከማኅደሩ አውጥታችሁ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡ።

ቀጥሎ የካሜራውን ጀርባ ክፈቱ። የሚታየው ጥቁር ጨርቅ መጋረጃ ነው፤ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚገባው እሱ ሲከፈት ነው። በእጅ አትንኩት። ሌንሱ እንደወጣ ጨለማ ክፍል ግቡና፣ መጋረጃውን ከፊት የሚሸፍነውን መስታወት በዳሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንስታችሁ በፊት በኩል የእጅ ባትሪ አብሩበት። በጀርባ በኩል እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ካለ ጨርቁ ተበስቷል። ያ ነጥብ ፎቶው ላይ ይወጣል።

አሁን ፍጥነቱን፣ ማለትም መጋረጃው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ፈትኑ። ዜኒት-ኢ ላይ ከ1/30 እስከ 1/500 ሴኮንድ አምስት ፍጥነት አለ። ጀርባው ተከፍቶ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ አዙራችሁ በየፍጥነቱ ተጫኑ። ሁልጊዜ ሙሉ አራት ማዕዘን ብርሃን መታየት አለበት። በ1/500 አንዱ ጎን ከጨለመ መጋረጃው እኩል አይሄድም ማለት ነው። ስልካችሁ በሴኮንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ። የመጋረጃውን መሐል በስልኩ ቅረጹና ብርሃኑ ስንት ምስል ላይ እንደታየ ቁጠሩ። 1/30 ከሆነ 8 አካባቢ፣ 1/60 ከሆነ 4 አካባቢ ይሆናል። በ1/30 12 ከቆጠራችሁ ካሜራው ዘገምተኛ ሆኗል፤ ያን ያህል ብርሃን እንደሚጨምር አውቃችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ፊት ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ በሴሌኒየም፣ ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ንጥረ ነገር፣ የሚሠራ ነው። ከጊዜ ብዛት ይደክማል፤ መርፌው ቢንቀሳቀስም አትመኑት። ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት የድሮዎቹ ፎቶ አንሺዎች ሕግ ይበቃል፦ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 16፣ ፍጥነቱ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ለተጻፈው የፊልሙ ቁጥር የሚቀርበው። 100 ፊልም ከሆነ 1/125፣ 200 ከሆነ 1/250። ደመና ሲሆን 8፣ የሕንፃ ጥላ ውስጥ 5.6 አድርጉ። እኔ ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ለሳምንት ያህል ያለ ፊልም በየመንገዱ ተለማመድኩት። አሁን ሳላስብ ይመጣልኛል።

ሌንሱን በእጅ መልመድ

የካሜራው የራሱ ሌንስ ሄልዮስ 44-2 ይባላል፤ ሁለት የአፐርቸር ቀለበት አለው። አንዱ ቁጥሩን ይወስናል፣ ሌላው ይከፍትና ይዘጋል። የመጀመሪያውን 8 ላይ ታደርጋላችሁ። ሁለተኛውን ከፍታችሁ በደማቁ መመልከቻ ፎከስ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ሳታዩ ጥግ ድረስ ታዞሩታላችሁ፤ 8 ላይ ይቆማል። ከዚያ ትጫናላችሁ። መዝጋቱን ከረሳችሁ ፎቶው በብርሃን ይቃጠላል። ስለዚህ ቡና እየጠጣችሁ እንኳ ደጋግማችሁ ሥሩት፤ መክፈት፣ ፎከስ፣ መዝጋት፣ መጫን። ጣት ይለምዳል።

ከሌላ ካሜራ የመጣ ተመሳሳይ ጥርስ ያለው ሌንስ ዜኒት-ኢ ላይ ብትገጥሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ካሜራ አፐርቸሩን በራሱ አይዘጋም። ሌንሱ ላይ ኤ እና ኤም የሚል ማብሪያ ካለ ኤም ላይ አድርጉት።

አጫጫን

ጥላ ቦታ ሁኑ። የፊልሙን ጫፍ በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ጥቅልል ላይ አስገቡ፣ በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ጥርሶቹ ላይ መቀመጣቸውን እዩ፣ ጀርባውን ሳትዘጉ አንዴ አጠንጥኑ። ከዚያ ዝጉ። በግራ በኩል ያለውን መጠቅለያ ቀስ ብላችሁ እስኪጠብቅ አዙሩት። አሁን በቀኝ ስታጠነጥኑ የግራው አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊልሙ አልሄደም፤ ክፈቱና እንደገና ጀምሩ። ያን ቀን ይህን አንድ ነገር አይቼ ቢሆን ኖሮ የመልሱ ፎቶ ዛሬ አልበም ውስጥ ይኖር ነበር። የፎቶ ቆጣሪውንም በእጃችሁ ወደ መጀመሪያው መልሱት፤ በራሱ አይመለስም።

36ቱ ፎቶ

ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ሌንሱን፣ አፐርቸሩን፣ ፍጥነቱን ጻፉ። ያለ ደብተር የተነሳ የሙከራ ፊልም ምንም አያስተምርም።

እኔ ከፎከስ ነው የጀመርኩት። አምስት የቡና ስኒ ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ ደረደርኩ፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ራቅ ብሎ። ከአንድ ሜትር ርቀት ሦስተኛው ስኒ ጠርዝ ላይ ፎከስ አድርጌ በአፐርቸር 2 አነሳሁ። በዚህ ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፊልሙ ላይ የጠራው ሁለተኛው ወይም አራተኛው ስኒ ከሆነ በመመልከቻው የምታዩትና ፊልሙ የሚያገኘው አይገናኙም። ያኔ ካሜራ የሚጠግን ሰው መስታወቱን ማስተካከል አለበት። ሦስቴ ድገሙት፤ አንዴ እጅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ከዚያ አንድ ዝርዝር ነገር የሞላበት ግድግዳ ፈልጉ። የጡብ አጥር፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የቆርቆሮ በር። ከ2 እስከ 16 በየአፐርቸሩ አንድ አንድ አንሱ፤ ፍጥነቱን አብራችሁ እያስተካከላችሁ። ጥላ ቦታ ይሁን። 100 ፊልም ይዛችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸር 2 ብትከፍቱ 1/6400 ያስፈልጋችኋል፤ ካሜራው ግን 1/500 ላይ ያቆማል። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በተለይ ምሕረት የለውም። ጥላ ውስጥ ግን በ1/500 ትንሽ ቢበዛም ፊልሙ ይችለዋል።

ቀጥሎ ሰው ይቁም። ሄልዮስን ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ሰውየውን ቅጠላማ ዛፍ ፊት፣ ከዛፉ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ከሁለት ሜትር ርቀት በአፐርቸር 2 አንሱ። ከኋላ ያለው ቅጠል ክብ እየሠራ ሰውየውን ይከበዋል። እናቴን ጽድ ፊት አነሳኋት። ፊቷ ለስለስ ብሎ፣ ቅጠሉ ዙሪያዋን እንደ ሰፌድ ተሽከርክሮ ወጣ። ስልኬ እንዲህ ያለ ነገር ሰጥቶኝ አያውቅም። እዚያው ቦታ በ4 ስደግመው ሽክርክሪቱ ጠፋ፤ ፊቷ ግን የበለጠ ጠራ።

ከሌሎቹ ሁለት ሌንሶች አንዱ፣ ሚር-1፣ ባለ 37 ሚሊ ሜትር ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ግራንድ ፕሪ ያገኘ ሲሆን ሽልማቱ አንዳንዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለቤት ውስጥ፣ ለጠባብ ሰፈር ምቹ ነው። ይህን ሌንስ ፀሐይ በፊት ለፊት እየመጣች ፈትኑት፤ በእጃችሁ ስትጋርዱና ሳትጋርዱ አንድ አንድ አንሱ፤ ልዩነቱን ኔጋቲቩ (የታጠበው ፊልም) ላይ ታዩታላችሁ። ሌላው፣ ጁፒተር-37ኤ፣ 135 ሚሊ ሜትር ነው። ሩቁን ያቀርባል፣ የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል። ከ1/250 በታች አትውረዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። የዜኒት መመልከቻ ከሚያሳያችሁ በላይ ፊልሙ ላይ ይገባል። ዳር ላይ የማትፈልጉት የኤሌክትሪክ ገመድ ይመጣል። አንድ እርምጃ ጠጋ በሉ።

ፊልሙ ሲታጠብ

ቀለም ከሆነ በሲ-41፣ በቀለም ፊልም ማጠቢያ ዘዴ፣ የሚያጥብ ፎቶ ቤት ጠይቁ። ፊልም ይዛችሁ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳ ያዙትና በእጅ እንዲታይላችሁ ለምኑ፤ አዳዲሶቹ መፈተሻዎች ፊልም ይጎዳሉ።

ፎቶውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ፎቶ ቤት የብርሃን ስህተትን ያስተካክላል። ኔጋቲቩን መስኮት ላይ አድርጉና እዩ። በፎቶዎቹ መሐል ያለው ክፍተት እኩል ነው? አንዱ በአንዱ ላይ ከተደረበ ማጠንጠኛው ይንሸራተታል። የፊልሙ ዳር ድረስ የዘለቀ ጥቁር ጭረት ካለ በጀርባው በር ብርሃን ይገባል፤ ሲታተም ነጭ ሆኖ ይመጣል። ሁሉም የገረጣ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፤ በሚቀጥለው አንድ ደረጃ ክፈቱ።

ከደብተሩ ጋር እያስተያያችሁ ያገኛችሁትን በአጭሩ ጻፉ። እኔ ትንሽ ወረቀት ቆርጬ ካሜራው ታች ለጥፌያለሁ፦ «ሄልዮስ ለሰው 2፣ ለሌላው 5.6። ሚር 8፣ ፀሐይ ጋርድ። ጁፒተር 1/250። 1/30 ዘገምተኛ ነው። የግራው መዞሩን እይ።»